ሥራው ቀበሌ፣ በጀቱ ወረዳ፦ የአራት ኪሎ አዋጅ የሚያርፍባት መንደር

አራት ኪሎ ላይ ሕግ ከቢሮ ቢሮ ለመዞር ሩቅ አይሄድም። ፓርላማው፣ ገንዘብ ሚኒስቴርና ነጋሪት ጋዜጣን የሚያትመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ናቸው። አዋጁ ታትሞ ከወጣ በኋላ የሚያርፍበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ፣ የጠጠሩንም መንገድ ጨርሶ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጤና ኬላ፣ ጥቂት ሱቅና ጠላ ቤት፣ በመካከላቸውም ጣሪያው ቆርቆሮ ግድግዳው ጭቃ የሆነ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ያለባት መንደር ነች። ልደት የሚመዘገበው፣ የድንበር ክርክር መጀመሪያ የሚታየው፣ የማዳበሪያ ስም ዝርዝር የሚወጣው፣ የጤና መድን መዋጮ የሚሰበሰበው፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣው ሰውም መሸኛ የሚጻፈው እዚያ ነው።

ነገሩ ለመሃል አዲስ አበባ ነዋሪ ሩቅ ይመስላል። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ ወይም ልደታ የሚኖር፣ ትውልዱ ገጠር የሆነ ሰው ግን ፓስፖርት ሊያወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ፣ ለነዋሪነት መታወቂያ መሸኛ አምጣ ሲባል፣ ወይም አባት ሞቶ የመሬት ውርስ ሲነሳ ጉዳዩ ተመልሶ እዚያችው መንደር ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ የመጨረሻው እርከን ወረዳ ነው። በገጠሩ ከወረዳ በታች ቀበሌ አለ፤ የወረዳው ከተማ ሌላ፣ የቀበሌው ማዕከል ሌላ። ይህን ሳይለይ በቀጥታ ወረዳ ከተማ የወረደ ሰው «ከቀበሌህ አጽፈህ ና» ተብሎ አንድ ቀን ይቃጠልበታል።

ወሰኑ የተሰመረው ለመሬት ነው

የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ገበሬውን በማኅበር ሲያደራጅ፣ የአንድ ማኅበር ክልል ቢያንስ 800 ሔክታር ወይም 20 ጋሻ እንዲሆን ወሰነ። መለኪያው መሬት፣ ዓላማውም መሬት ማከፋፈል ነበር። አንድ እናት ልጇን ለማስመዝገብ ስንት ሰዓት ትጓዛለች የሚል ጥያቄ ያኔ አልተነሳም፤ ሊነሳም አይችልም ነበር። በኋላ ማኅበራቱ እየተጣመሩ ሰፋፊ ቀበሌዎች ሆኑ። ገደላማ በሆነ አገር ከዳር ጎጥ እስከ ማዕከሉ የሁለት የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ መኖሩ ከዚህ የመጣ ነው። ከተሞችም በዚያው ዓመት ሐምሌ በአዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌ ተዋቀረላቸው፤ አዲስ አበባ የራሷን ደጋግማ አጥፋና ጠቅልላ ወደ ወረዳ ስትቀይር ገጠሩ ከነሸክሙ በቀበሌ ቀጠለ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ በአስተዳደር እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በተግባር ሥልጣኑ ከነገንዘቡ ወርዶ የቆመው ወረዳ ላይ ነው። በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. በአራቱ ትልልቅ ክልሎች፣ ማለትም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ፣ የክልሉ ጥቅል በጀት በቀጥታ ለወረዳ መከፋፈል ጀመረ። ወረዳው የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ የራሱ የሒሳብ መዝገብ አለው። ቀበሌው ምክር ቤት አለው፤ ሒሳብ የለውም። ደመወዝ፣ ወረቀት፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ ሳይቀር የሚጠየቀው ከወረዳ ነው። የወረዳው መደበኛ በጀት ደግሞ አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚሄድ፣ ለሥራ ማስኬጃ ከሚተርፈው ትንሽ ገንዘብ ላይ ቀበሌ ተሰልፎ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

መንደሮች ሁሉ የወረዳ መቀመጫ ለመሆን የሚሻኮቱትም ለዚህ ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በተጠቀመበት ትርጉም አንድ ቦታ ከተማ የሚባለው 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ሲኖረው ነው፤ የክልል፣ የዞንና የወረዳ መቀመጫ ከሆነ ግን የሕዝቡ ቁጥር ምንም ቢሆን ከተማ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ትናንት ገበያ ብቻ የነበረች መንደር ወረዳ ሲሰጣት በወረቀት ከተማ ሆና ታድራለች። ፖሊስ ጣቢያው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ይመጣሉ። ደመወዝተኛው ቤት ይከራያል፤ ሻይ ቤቱ ምግብ ቤት፣ ምግብ ቤቱ አልጋ ቤት ይሆናል። የቀበሌ ማዕከል የሆነችዋ መንደር ይህ አይደርሳትም። ሠራተኞቿ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ቅዳሜና እሑድን የሚያሳልፉት ወረዳ ከተማ ነው።

አዲስ ወረዳ በተፈጠረ ቁጥር አገልግሎት ቀረበ ይባላል። አስተዳዳሪ፣ ምክትል፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ መኪና፣ ነዳጅ የሚከፈለው ግን ከዚያው ከክልሉ ጥቅል በጀት ነው። የተከፈለው ወረዳ ወጪ ሲጨምር በሥሩ ላለው ቀበሌ የሚተርፈው ይቀንሳል። ወረዳ መክፈል ለቀበሌ የሚጠቅመው ከስንት አንዴ ነው ብለን እናምናለን።

አንድ ሰው፣ አንድ ማኅተም

በማዕከሉ ማን አለ? ሊቀመንበሩ ተመራጭ ነው፤ በአብዛኛው የራሱን እርሻ የሚያርስ ገበሬ። ጤና ኬላው በመነሻው ንድፍ 5,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደቡበታል። የገበሬዎች ማሠልጠኛው ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲኖሩት ነው የተወጠነው፤ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። መምህራን አሉ። ከዚህ ውጭ ያለውን የወረቀት ሥራ በሙሉ የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፣ ሕዝቡ «ማናጀሩ» የሚለው።

ማናጀሩ የሚጽፈው መሸኛ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የነፃ ሕክምና ማስረጃ፣ የቃለ ጉባኤ ግልባጭ ብቻ አይደለም። በብዙ ቦታ የወሳኝ ኩነት መዝጋቢም እሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ሲሰሙት በቂ ጊዜ ነው። በኦርቶዶክሱ አገር ግን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ቤተሰቡ ማስረጃ የሚያስወጣው ከክርስትና በኋላ ይሁን ካለ፣ ለሴት ልጅ የሚቀረው 10 ቀን ነው። በዚያ 10 ቀን ውስጥ ማናጀሩ ወረዳ ስብሰባ ከተጠራ ወይም ቅጹ ካለቀ ልጅቷ «የዘገየ ምዝገባ» ውስጥ ትገባለች፤ ማስረጃውም ምክንያቱም ይበዛል። ይህን ለማስቀረት አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያው ለወለደች እናት የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ ወረቀት በቤተሰቡ እጅ ቀበሌ እስኪደርስ ከመጠበቅ ይልቅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አራሷን ለመጠየቅ በሄደችበት ብትሰበስበው ይበቃል።

ማኅተሙስ? በብዙ ቀበሌ ያለው አንድ ክብ ማኅተም ነው፤ ቢሮው አስተማማኝ መቆለፊያ ስለሌለው ማናጀሩ በቦርሳው ወይም በኪሱ ይዞት ይዞራል። እሱ ወረዳ ሲወርድ ቀበሌው ከነማኅተሙ ወረዳ ወረደ ማለት ነው። በር ላይ የሚቀመጡት ጥበቃ «ነገ ይመጣል» ይላሉ፤ እሳቸው የሚያውቁት ይህን ያህል ነው።

የሥራው ወቅትም ይታወቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ነው። ምርት ጎተራ ሲገባ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግብርና ሥራ ገቢ ግብር፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮም ይሰበሰባል። ጥርና የካቲት የተፋሰስ ዘመቻ ነው፤ ማናጀሩም ሊቀመንበሩም ተራራ ላይ እርከን ሲያሠሩ ይውላሉ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ማዳበሪያ። ሐምሌና ነሐሴ ችግኝ። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም የተማሪ ምዝገባ። እያንዳንዱ ሥራ ከየሴክተሩ «ዋና ሥራችሁ ይህ ነው» ተብሎ ሪፖርቱ በየሳምንቱ ይጠየቃል፤ በስልክ።

ማዳበሪያው ብቻውን ምሳሌ ይሆናል። የቆየው አገር አቀፍ ምክር ለአንድ ሔክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር፤ በኋላ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ። ግማሽ ሔክታር ያለው ገበሬ ከያንዳንዱ ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ይደርሰዋል እንበል። ፍላጎቱን የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ ይመዘግባል፤ ዝርዝሩ ወደ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል ይወጣል፤ ማዳበሪያው በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ በኩል ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ይወርዳል። ችግሩ የሚፈጠረው ዝርዝሩ ላይ ያለው ስምና መሬት፣ መሬት ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። አባት ሞቷል፣ መሬቱን ልጁ ያርሳል፣ ደብተሩ አሁንም በአባት ስም ነው። ሌላው መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ማዳበሪያውን ማን ይውሰድ? ይህ ሁሉ ክርክር የሚመጣው ያችው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር።

ደብተሩና መዝገቡ

የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በትግራይ በ1990፣ በአማራ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር በገመድ እየተለካ፣ ኮሚቴ እየመሰከረ የተሰጠ ነው። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ የገባበት መሆኑ ብዙ ሴቶችን ጠቅሟል። ካርታ አልነበረውም፤ ድንበሩ የሚታወቀው «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ» እየተባለ በአዋሳኝ ስም ነው። አዋሳኙ ሲሞት ወይም መሬቱ ሲከፈል ማስረጃው ይላላል። ሁለተኛው ደረጃ ደብተር ይህን ለማስተካከል የአየር ፎቶና ጂፒኤስ ተጠቅሞ ለእያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥርና ካርታ ሰጠ።

ካርታው ጥሩ ነው። ካርታ ግን ራሱን አያድስም። ውርስ፣ ስጦታ፣ ፍቺ፣ ኪራይ በተፈጸመ ቁጥር ለውጡ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አልፎ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ኮሚቴው የጎጥ ተመራጭ ነው፤ ደመወዝ የለውም። ገበሬው ክፍፍሉን በሽማግሌ ይጨርስና ወረዳ መውረዱን ይተወዋል። ከዓመታት በኋላ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ሲተካም፣ ታች ያለው መዝገብ ያው የሞቱ ሰዎች ስም ያለበት መዝገብ ነው።

መዝገቡም አንድ ብቻ ሲሆን አደጋው የከፋ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ የመንግሥት ቢሮዎች ሲዘረፉና ሲቃጠሉ አብሮ የጠፋው ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ አልነበረም። ግልባጩ ወረዳ ያልደረሰ መዝገብ ከተቃጠለ የሚቀረው የሰው ምስክርነት ነው፤ ምስክሩ ደግሞ ተፈናቅሎ ሊሆን ይችላል። ምስጥና የጣሪያ ፍሳሽ ያለ ጦርነትም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ዝግ ብለው ብቻ።

ከአዲስ አበባ ጉዳይ ያለው ሰው

በመጀመሪያ ስልክ ይደወል፤ ለማናጀሩ ራሱ፣ ካልሆነም ለሊቀመንበሩ። ጥያቄው «ቢሮ ክፍት ነው?» ሳይሆን «እስዎ ከነማኅተሙ የሚገኙት መቼ ነው?» ይሁን። የገበያ ቀን ጥሩ ነው፤ ሕዝቡም ኃላፊውም ማዕከሉ ላይ ይገናኛሉ። ምስክር የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ የከተማ ሰው ዝግ ነው ብሎ የሚሸሸው የበዓል ቀን ይበልጣል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ወይም በ29 ባለወልድ በሚያከብር አካባቢ ገበሬ አያርስም፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይገኛል፤ የቀበሌ ስብሰባም ብዙ ጊዜ የሚጠራው በዚያ ቀን ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ መሄድ ካልቸገረ በቀር አይመከርም።

መሸኛ ሲጠየቅ ዕዳ ይታያል። የመሬት ግብር፣ የማዳበሪያ ብድር፣ የልማት መዋጮ ያልከፈለ ሰው መሸኛው እስኪከፍል ሊያዝበት ይችላል። የወረቀቱ ባለቤት ይህን ቀድሞ ቢያጣራና ደረሰኙን ይዞ ቢቀርብ ይሻላል፤ መዋጮ ያለ ደረሰኝ ከተከፈለ ማናጀር ሲቀየር እንደገና ይጠየቃል።

ወረቀቱ ሲደርስ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ይነበብ። አዲስ አበባ ላይ ወረቀት የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። የወጪ ቁጥርና ቀን አለው? ስም እስከ አያት ተጽፏል? «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» በሁለት ሰነድ ላይ ተለያይቷል? የልደት ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተገልጿል? የክርስትና ስም ከመጠሪያ ስም ጋር ተደባልቋል? ፊርማው ሥር የኃላፊው ቲተር፣ ማለትም ስሙና ኃላፊነቱ ያለበት ማኅተም፣ አለ? ክብ ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ካላረፈ ፎቶው ተቀይሯል ሊባል ይችላል። ማኅተሙ ቀለም አጥሮት ጠርዙ ካልታየም ወዲያው እንደገና ይመታ፤ ስድስት ሰዓት ተጉዞ መመለስ ከባድ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ ብቻውን ስለማይበቃ የወረዳው ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ስለዚህ በመመለሻ መንገድ ላይ ወረዳው ጋ መግባት ሁለተኛ ጉዞን ያስቀራል።

መሄድ ያልቻለ ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ለዘመድ ውክልና ይሰጣል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፤ «ጠቅላላ ውክልና» ሁሉን ያሠራል ብሎ ማሰብ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ክስ ለማቅረብ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለመስጠት ተለይቶ መጻፍ አለበት። የውርስ መሬት ጉዳይ ከሆነ ይህ ሁሉ በግልጽ ይጻፍ።

ዲጂታሉ ሲመጣ

መሃል አዲስ አበባ ላይ ነገሩ እየተፋጠነ ነው። በ2017 ዓ.ም. መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቶ የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ የፊት ፎቶ፣ የአሥር ጣት አሻራና የዓይን አይሪስ ወስዶ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። አሻራ አይዋሽም፤ ስምና የልደት ቀን ግን የሚመጣው ከቀድሞ ሰነድ ነው። ሰነዱ ደግሞ በአብዛኛው የቀበሌ መታወቂያ ነው፤ ማናጀሩ በዘመቻ መካከል፣ በጥድፊያ የጻፈው። ቀበሌ ላይ የተሳሳተ ፊደል ባንክ፣ ሲም ካርድና ፓስፖርት ድረስ ይዘልቃል፤ ማረሚያውም ተመልሶ ከዚያው ከቀበሌ ማስረጃ አምጣ ነው የሚባለው። የማዕከሉ ሰልፍ ባጠረ ቁጥር የቀበሌው ሰልፍ ሊረዝም የሚችለው በዚህ ነው።

መፍትሔው ለየቀበሌው ኮምፒውተር መግዛት ነው ብለው የሚነሱ አሉ። መብራት በሌለበት፣ ኔትዎርክ ጉብታ ላይ ተወጥቶ በሚፈለግበት መንደር ኮምፒውተሩ ካርቶኑ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ማናጀሩ በሌለበት የሚፈርም፣ በጽሑፍ የተወከለ ሁለተኛ ሰው፤ የልማት ሠራተኛው ወይም ርዕሰ መምህሩ ሊሆን ይችላል። ማኅተሙ የሚቆለፍበት የብረት ሳጥን። በር ላይ የሚለጠፍ የአገልግሎት ቀን፤ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ቢሆን የማይሻር፣ ወረዳውም ስብሰባ የማይጠራበት። በየወሩ ከመዝገቡ የሚነሳ የስልክ ፎቶ፣ ለወረዳው የሚላክ። ፎቶው ሕጋዊ ማስረጃ ባይሆን እንኳ መዝገቡ ቢቃጠል ምን እንደነበረ ያሳያል።

ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚፈልገው ትንሹ ነው፤ ትልቁ የሚፈልገው የወረዳው ካቢኔ ስብሰባ የመጥራት ልማዱን መግታት ነው፤ ይህ ደግሞ ከገንዘቡ ይከብዳል። ለገንዘቡ ያህል ግን በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳ ምክር ቤቶችም በጀት የሚያጸድቁት በዚያ ሰሞን ነው። የቀበሌ ሥራ ማስኬጃ በወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጥቅል ሒሳብ ውስጥ ተቀብሮ ከቀረበ በዓመቱ መጨረሻ ነዳጅ ሆኖ ያልቃል። በየቀበሌው ስም ለብቻው መስመር ተሰጥቶት ከጸደቀ ግን ቢያንስ ማናጀሩ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ሲጠይቅ የሚጠቅሰው ቁጥር ይኖረዋል።